የወባ ተሕዋስ መድኃኒትን ሲላመድ፦ ከክሎሮኪን እስከ ኮአርተም በኢትዮጵያ

ምድሩና ተሕዋሱ

በኢትዮጵያ ሰውን በወባ የሚያሳምሙት በዋናነት ሁለት ተሕዋስያን ናቸው፦ ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረምና ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ። ፋልሲፓረም ካልታከመ ፈጥኖ ይገድላል፤ ከሕሙማኑም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእሱ የተያዙ ናቸው። ቫይቫክስ ብዙ ጊዜ ለሞት ባያደርስም በጉበት ውስጥ አድብቶ ይቆይና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያገረሻል። በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ቫይቫክስ እምብዛም አይታይም። በኢትዮጵያ ግን ሁለቱ በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው ደም ውስጥ አብረው ይገኛሉ። ይህ ጉርብትና በኋላ እንደሚታየው የመድኃኒቶቹን ዕጣ ከወሰኑት ነገሮች አንዱ ሆኗል።

ምድሩም የራሱ ድርሻ አለው። ከአገሪቱ የቆዳ ስፋት ሦስት አራተኛ ያህሉ ወባማ ሲሆን ወሰኑ በግምት 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያርፋል። ከዚያ በላይ ብርዱ ተሕዋሱ በትንኟ ሆድ ውስጥ እድገቱን እንዳይጨርስ ያግደዋል። አዲስ አበባ ከዚህ ወሰን በላይ በመሆኗ ከሾላ ገበያና ከቦሌ እስከ ጉለሌ ያለው ነዋሪ ወባ የሚይዘው በአብዛኛው ለንግድ፣ ለሥራ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ቆላ ወርዶ ሲመለስ ነው። ከወሰኑ በታችም ቢሆን በሽታው ወቅት ይጠብቃል። ዋናው ወቅት ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ከበልግ ዝናብ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት አነስ ያለ ሁለተኛ ወቅት ይከተላል።

ይህ ወቅታዊነት ተሕዋሱ ከመድኃኒት ጋር የሚገናኝበትን መንገድ ይለውጣል። ወባ ዓመቱን ሙሉ በሚተላለፍባቸው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ አካባቢዎች ብዙ ጎልማሶች በልጅነታቸው ደጋግመው ስለታመሙ ተሕዋሱን በደማቸው ይዘው ሳይታመሙ ይውላሉ፤ ያልታመመ ደግሞ መድኃኒት አይወስድም። በአብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል እንዲህ ያለ የመከላከል አቅም አይዳብርም። የተያዘ ይታመማል፣ የታመመም መድኃኒት ይፈልጋል። ስለዚህ ከተሕዋሱ ትልቁ እጅ ከመድኃኒት ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል።

በጠና የታመመ አንድ ሰው በደሙ ውስጥ እስከ ትሪሊዮን የሚደርሱ ተሕዋስያን ሊይዝ ይችላል። ተሕዋሱ በተባዛ ቁጥር ዘረመሉ ሲገለበጥ ጥቃቅን ስሕተቶች ይፈጠራሉ። አብዛኞቹ ጎጂ ወይም ፋይዳ ቢስ ናቸው፤ አልፎ አልፎ ግን አንዱ መድኃኒቱን ለመቋቋም የሚያስችል ሆኖ ይገኛል። ለውጡን የሚፈጥረው መድኃኒቱ አይደለም። መድኃኒቱ ለውጡ የሌላቸውን ይገድላል፣ ያላቸውን ያስቀራል። የተረፈውን ትንኟ ከደም ጋር መጥጣ ለሌላ ሰው ካስተላለፈችው የአንድ ሕመምተኛ ጉዳይ የነበረው የአካባቢ፣ ከዚያም የአገር ጉዳይ ይሆናል።

ከኪኒን እስከ ክሎሮኪን

የደጋ ሰው ለብዙ ዘመን ከወባ የተጠበቀው በመድኃኒት ሳይሆን በአሰፋፈር ነበር። ንዳድ የሚባለው ትኩሳት የቆላ በሽታ መሆኑ የታወቀ ስለነበር በዝናቡ ማብቂያ ሰሞን ቆላ ማደር ይፈራ ነበር። የመጀመሪያው እውነተኛ የወባ መድኃኒት የተገኘው ከደቡብ አሜሪካው የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ነው። ፈረንሳዮቹ ፔለቲየና ካቫንቱ እ.ኤ.አ. በ1820 (ሌላ ካልተባለ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከቅርፊቱ ኪኒንን ለይተው አወጡ። ኪኒን ከመቶ ዓመት በላይ ያለ ተወዳዳሪ አገልግሏል። በ1910 ከብራዚል የማይሠራበት ሕመምተኛ እንዳለ ቢነገርም በሰፊው አልከሸፈም። ዋጋው ውድ፣ ጣዕሙ መራራ፣ የሚወሰድበትም ጊዜ ረዥም ስለነበር እያንዳንዱን የታመመ ሰው የሚያዳርስ መድኃኒት ሊሆን አልቻለም።

ያን የቻለው ክሎሮኪን ነው። ጀርመናዊው ሐንስ አንደርሳግ በ1934 በባየር ኩባንያ ቤተ ሙከራ ቀመመው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመላው ዓለም ተዳረሰ። ርካሽ ነበር፣ በሦስት ቀን ያልቃል፣ ለሕፃናትም ለነፍሰ ጡሮችም ይሰጣል። ተሕዋሱን የሚገድልበት መንገድ ከአመጋገቡ ጋር የተያያዘ ነው። የወባ ተሕዋስ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሆኖ ሄሞግሎቢንን ይመገባል። ከምግቡ የሚቀረው ሄም የተባለ ብረት አዘል ንጥረ ነገር ለራሱ ለተሕዋሱ መርዝ ስለሆነ ወደማይጎዳ ጠጣር ቅንጣት እየለወጠ ያከማቸዋል። ክሎሮኪን ወደ ተሕዋሱ የምግብ ከረጢት ገብቶ ይህን ሥራ ያስተጓጉላል፤ ተሕዋሱም በገዛ ምግቡ ትርፍ ተመርዞ ይሞታል።

በ1950ዎቹ ኢትዮጵያ ወባን የመቆጣጠር ሙከራ በአራት አካባቢዎች ጀመረች፦ በጣና ዳርቻ በደምቢያ፣ በቆቦ ጨርጨር ሸለቆ፣ በአዋሽ ሸለቆና በጋምቤላ። ሙከራው ገና በጅምር ላይ ሳለ የ1958ቱ ወረርሽኝ መጣ። ከልማዱ የበዛ ዝናብና ከልማዱ ከፍ ያለ ሙቀት በተገናኙበት በዚያ ዓመት፣ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ድረስ፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባሉ ወይና ደጋ ቦታዎች ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። የሞቱት ሕፃናት ብቻ አልነበሩም፤ ወባን የማያውቀው ጎልማሳም አብሮ አለቀ።

ይህ ወረርሽኝ የወባ ማጥፊያ ድርጅት በ1959 እንዲቋቋም ገፋፋ። ሥራው የተመሠረተው በዲዲቲ ርጭትና በክሎሮኪን ላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1955 ወባን ከምድር ገጽ የማጥፋት ዘመቻ አውጆ ስለነበር የኢትዮጵያም ጥረት የዚያ አካል ሆነ። ድርጅቱ በ1969 ዓለም አቀፉን ዓላማ ከማጥፋት ወደ መቆጣጠር ሲያወርድ ኢትዮጵያም ተከተለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ በፋልሲፓረምም በቫይቫክስም የተያዙ ሰዎች በክሎሮኪን ይድኑ ነበር።

የክሎሮኪን መውደቅ

ክሎሮኪንን የሚቋቋም ፋልሲፓረም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1957 በታይላንድና በካምቦዲያ ድንበር ነው። በ1960 ገደማ በኮሎምቢያም ታየ። በካምቦዲያ በፓይሊን የማዕድን አካባቢ መድኃኒት የተቀላቀለበት ጨው ለሕዝብ ይታደል ነበር፤ ይህም ለመዳን የማይበቃ ነገር ግን ደካማውን ተሕዋስ እየገደለ ጠንካራውን ለመምረጥ የሚበቃ መጠን በብዙ ሰው ደም ውስጥ ያለማቋረጥ እንዲኖር አደረገ። የታይላንድና የካምቦዲያው ዝርያ ቀስ በቀስ ወደ ምዕራብ ተጓዘ፤ በ1978 በምሥራቅ አፍሪካ በኬንያና በታንዛኒያ ተገኘ።

ሚስጥሩ የተፈታው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ2000 ተመራማሪዎች በተሕዋሱ ሰባተኛ ክሮሞሶም ላይ ፒኤፍሲአርቲ የሚባለውን ጂን ለዩ። ይህ ጂን በምግብ ከረጢቱ ሽፋን ላይ እንደ በር ሆኖ የሚያገለግል ፕሮቲን ይሠራል። በፕሮቲኑ 76ኛ ቦታ ላይ ያለው ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ በትሪኦኒን ሲተካ፣ ከሌሎች ጥቂት ለውጦች ጋር ተባብሮ፣ ክሎሮኪን ከከረጢቱ እንዲወጣ በሩን ይከፍትለታል። መድኃኒቱ ወደ ተሕዋሱ ይገባል፤ መሥራት ባለበት ቦታ ግን አይከማችም። ብዙ ለውጦች አንድ ላይ መገጣጠም ስላለባቸው እንዲህ ያለው ተሕዋስ በዓለም ላይ የተወለደው ከጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። አፍሪካን ያዳረሰውም እዚሁ የተፈጠረ ሳይሆን ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣው ነው።

በኢትዮጵያ ክሎሮኪንን የሚቋቋም ፋልሲፓረም መገኘቱን ዶክተር አዋሽ ተክለሃይማኖት በ1986 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አስታወቁ። ጊዜው ከትልቅ የሕዝብ እንቅስቃሴ ጋር የገጠመ ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በመንግሥት የሰፈራ ዘመቻ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብዛኛው የደጋና የወይና ደጋ ሰው፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር ቆላዎች ተወሰደ። ወባን የማያውቅ ሕዝብ ወባማ ቦታ ላይ ሲሰፍር ሕመሙም የመድኃኒቱም ፍጆታ ይጨምራል፤ በዚያውም መጠን መድኃኒቱ የሚቋቋመውን ተሕዋስ እየመረጠ ማስቀረቱ ይበረታል። በሁመራና በመተማ እርሻዎች ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛም በየዓመቱ መስከረም ላይ ከደጋ ይወርዳል፣ ወቅቱ ሲያልቅ ይመለሳል። ተሕዋሱም በእሱ ደም ከቦታ ቦታ ይጓዛል።

የመጀመሪያው ሪፖርት ከወጣ በኋላ ክሎሮኪን ለ12 ዓመት ያህል የመጀመሪያ ደረጃ መድኃኒት ሆኖ ቀጠለ። መዘግየቱ ምክንያት ነበረው። ክሎሮኪን ትኩሳትን ራሱ ስለሚያበርድ ሕመምተኛው የተሻለው ይመስለዋል፤ ተሕዋሱ ግን ደሙ ውስጥ ይቀራል። አለመዳኑ የሚታወቀው ሕመምተኛውን ለሳምንታት ተከታትሎ ደሙን በማይክሮስኮፕ ደጋግሞ በማየት ብቻ ነው። በ1997 እና በ1998 በአገር አቀፍ ደረጃ ይህ ሲደረግ ክሎሮኪን ፋልሲፓረም ከያዛቸው ሕሙማን ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ እንደማይሠራ ተረጋገጠ።

የፋንሲዳር አጭር ዘመን

በ1998 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ለፋልሲፓረም ክሎሮኪንን በሰልፋዶክሲን-ፒሪሜታሚን ተካ። ሕዝቡ ይህን መድኃኒት በንግድ ስሙ ፋንሲዳር ብሎ ያውቀዋል። ጥቅሙ ግልጽ ነበር፦ በአንድ ጊዜ ተውጦ ያልቃል፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ችግሩም ከዚያው የተወለደ ነው። ሁለቱ ንጥረ ነገሮች ከተዋጡ በኋላ ለሳምንታት ደም ውስጥ እየቀነሱ ይቆያሉ። በእነዚያ ሳምንታት አዲስ የሚገባ ተሕዋስ የሚያገኘው ለመግደል ያነሰ፣ ለመምረጥ ግን የበቃ መጠን ነው።

ፋንሲዳር ተሕዋሱ ፎሌት የተባለውን ንጥረ ነገር እንዳይሠራ ይከለክለዋል፤ ያለ ፎሌት ደግሞ ተሕዋሱ ዘረመሉን አባዝቶ መከፈል አይችልም። ሁለቱ ንጥረ ነገሮች በሥራው ሰንሰለት ላይ የሚያርፉባቸው ኢንዛይሞች የተለያዩ ናቸው፤ ፒሪሜታሚን ዲኤችኤፍአርን፣ ሰልፋዶክሲን ዲኤችፒኤስን ይይዛሉ። መላመዱ እዚህ በአንድ ዝላይ አልመጣም። በመጀመሪያ በዲኤችኤፍአር 108ኛ ቦታ ላይ አንድ ለውጥ ይመጣል፤ ከዚያ በ51ኛውና በ59ኛው ይታከላል፤ በመጨረሻም በዲኤችፒኤስ 437ኛና 540ኛ ቦታዎች ሁለት ይጨመራሉ። እያንዳንዱ ደረጃ መድኃኒቱን ትንሽ ትንሽ ያዳክመዋል፤ አምስቱ ሲሟሉ በብዙ ሕሙማን ላይ ይከሽፋል። በአፍሪካ የተስፋፋው ባለ ሦስት ለውጥ ዲኤችኤፍአር እንደ ክሎሮኪኑ ሁሉ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣ መሆኑ በ2004 ታውቋል። ስለዚህ ፋንሲዳር በኢትዮጵያ ሥራ ሲጀምር የሚቋቋመው ተሕዋስ ቀድሞት አህጉሩ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ውጤቱ በአምስት ዓመት ውስጥ ታየ። በ2003 በ11 ቦታዎች በተደረገ ክትትል በ14ኛው ቀን 36 በመቶ ያህሉ፣ በ28ኛው ቀን ደግሞ 72 በመቶ ያህሉ ሕሙማን ሳይድኑ ተገኙ። የሁለቱ ቁጥሮች መራራቅ መድኃኒቱ የሚያታልልበትን መንገድ ያሳያል። በሁለተኛው ሳምንት የዳነ የመሰለው ብዙ ሰው በአራተኛው ሳምንት ተሕዋሱ ደሙ ውስጥ ተነሥቶ ተገኝቷል።

ያው 2003 የወረርሽኝም ዓመት ሆነ። ከሚያዝያ እስከ ታኅሣሥ በ211 ወረዳዎች ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕሙማንና 3,000 ያህል ሞት ተመዘገበ። ወረርሽኙን የቀሰቀሱት ዝናብና ሙቀት ቢሆኑም ሕዝቡን ያከሙበት መድኃኒት ግን በጉልህ የደከመ ነበር። በ2004 ሚኒስቴሩ ፋንሲዳርን አንሥቶ አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪንን፣ በተለምዶ ኮአርተም የሚባለውን፣ ለፋልሲፓረም የመጀመሪያ ደረጃ መድኃኒት አደረገ። ክሎሮኪን ለመውደቅ አሥርት ዓመታት ሲወስድበት ፋንሲዳር ስድስት ዓመት ብቻ ቆየ።

ጥምር መድኃኒት

የኮአርተም መሠረት አርቴሚሲኒን ነው። ቻይና በግንቦት 23 ቀን 1967 በጀመረችው የምስጢር የወባ መድኃኒት ፍለጋ ፕሮጀክት ውስጥ ቱ ዩዩ የተባሉት ሳይንቲስት የቀደሙ የቻይና የሕክምና መጻሕፍትን መርምረው በ1972 ንጥረ ነገሩን ከአርቴሚሲያ ተክል ለማውጣት በቁ፤ ለዚህም በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኙ። አርቴሚሲኒን ከእሱ በፊት ከነበሩት ሁሉ ይፈጥናል። ተሕዋሱ በሚባዛበት በእያንዳንዱ የ48 ሰዓት ዑደት ቁጥሩን ወደ አሥር ሺህ እጥፍ ይቀንሰዋል። ነገር ግን በሰዓታት ውስጥ ከደም ይወጣል። ሉሜፋንትሪን ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ለቀናት ይቆያል። አንዱ የተሕዋሱን ብዛት ሲያወድም ሌላው ቅሪቱን ይለቅማል። አንድ ተሕዋስ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ለውጥ ይዞ የመወለዱ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። የጥምር መድኃኒት ሐሳብ የቆመው በዚህ ስሌት ላይ ነው። በዚሁ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 አርቴሚሲኒን ለብቻው በሚዋጥ ክኒን መሸጡ እንዲቆም ጠየቀ።

በኢትዮጵያ መድኃኒቱ የተዳረሰበት መንገድ በወቅቱ አዲስ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በዚያው ሰሞን ስለተጀመረ ከ30,000 በላይ የሚሆኑ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቀበሌው ጤና ኬላ በፈጣን መመርመሪያ መርምረው ኮአርተም መስጠት ጀመሩ። ለአዋቂ ሰው በሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ አራት፣ በድምሩ 24 ክኒን ነው። ሉሜፋንትሪን ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ይበልጥ ወደ ደም ይገባል። በሁለተኛው ቀን የተሻለው ሰው ቀሪውን ክኒን ለሌላ ጊዜ ካስቀመጠው ግን ሁለተኛው መድኃኒት ለቅሪቱ ይጎድላል። ኮአርተምና አጎበር በሰፊው ከተዳረሱ በኋላ ሞትና ሕመም በጉልህ ቀነሱ። በአብዛኞቹ የክትትል ጥናቶችም ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ታካሚዎች ይድኑ ነበር።

ቫይቫክስ ግን በክሎሮኪን መታከሙን ቀጠለ። ክሎሮኪን በቫይቫክስ ላይም እየደከመ መሆኑ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ በተደረገ ጥናት ታይቶ በ1996 ታተመ። በዚያው ከተማ ተካሂዶ በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት ከተከታተላቸው ሕሙማን 4.6 በመቶው ላይ መድኃኒቱ እንዳልሠራ አሳየ። ቁጥሩ ዝቅተኛ ስለነበር ክሎሮኪን ለቫይቫክስ እንዳለ ቀረ።

ይህ ውሳኔ በፋልሲፓረም ላይ ያልታሰበ ውጤት ነበረው። ማላዊ ክሎሮኪንን በ1993 ሙሉ በሙሉ ስታነሣ መድኃኒቱን የሚቋቋመው ተሕዋስ ያለ መድኃኒት ከሌላው ጋር መወዳደር አቅቶት ጠፋ፤ በ2006 በታተመ ጥናት ክሎሮኪን በብላንታየር ሕፃናት ላይ ከሞላ ጎደል ፍጹም ሠርቷል። በኢትዮጵያ ግን መድኃኒቱ ለቫይቫክስ ሲባል በሕዝቡ ደም ውስጥ ስለቀጠለ ክሎሮኪንን የሚቋቋመው ፋልሲፓረም በብዙ አካባቢዎች የበላይነቱን አልለቀቀም። በሌላ በኩል ሉሜፋንትሪን ፒኤፍኤምዲአር 1 በተባለው ጂን ላይ ክሎሮኪን ከመረጠው ተቃራኒ የሆነውን ቅርጽ ይመርጣል፤ ኮአርተም ከገባ በኋላ ይህ ቅርጽ በኢትዮጵያ ተሕዋስያን ውስጥ እጅግ በዝቷል። ይህ ብቻውን መድኃኒቱን የሚያከሽፍ አይደለም፤ ተሕዋሱ ለአዲሱ መድኃኒትም ምላሽ መስጠት መጀመሩን ግን ያመለክታል።

622አይ

አርቴሚሲኒን መድከሙ የተረጋገጠው በ2008 እና በ2009 ከምዕራብ ካምቦዲያ በወጡ ጥናቶች ነው፤ ክሎሮኪንም ፋንሲዳርም አስቀድመው የወደቁት በዚያው የድንበር አካባቢ ነበር። በ2014 ኬ13 የሚባለው ጂን ምልክቱ ሆኖ ተገኘ። አርቴሚሲኒን መሥራት የሚጀምረው ተሕዋሱ ሄሞግሎቢንን ሲፈጭ በሚወጣው ሄም ተቀስቅሶ ነው። በኬ13 ላይ ለውጥ ያለው ተሕዋስ በወጣትነቱ ሰዓታት የሚውጠውን ሄሞግሎቢን ይቀንሳል፤ ምግቡ ሲያንስ ሄሙ ያንሳል፣ መድኃኒቱም በሙሉ ኃይሉ አይነሣም። ተሕዋሱ ለጥቂት ሰዓታት ተርቦ መድኃኒቱ ከደም እስኪወጣ ያሳልፋል። ሐኪሞች ይህን ከፊል መላመድ ይሉታል፤ ተሕዋሱ ከሦስት ቀን በኋላም በደም ውስጥ ይታያል፣ ሉሜፋንትሪን እስከሠራ ድረስ ግን ሕመምተኛው ይድናል።

አፍሪካ ይህ ተሕዋስ ከእስያ ይመጣል ብላ ስትጠባበቅ ለውጡ በራሷ ምድር በቀለ። በ2016 የታተመ ጥናት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከተመረመሩ ተሕዋስያን በጥቂቶቹ ላይ በኬ13 622ኛ ቦታ አርጂኒን በአይሶሉሲን ተተክቶ እንዳገኘ ገለጸ። በእስያ የተለመዱት ለውጦች ሌሎች ስለነበሩ በወቅቱ ትርጉሙ ግልጽ አልነበረም። በሩዋንዳ በ2020፣ በኡጋንዳ በ2021 ሌሎች የኬ13 ለውጦች ተረጋገጡ። በኤርትራ የ622ቱ ለውጥ በ2016 ከነበረበት 8.6 በመቶ በ2019 ወደ 21 በመቶ ማደጉና ሕሙማኑም ቶሎ አለመንጻታቸው በ2023 ታተመ።

በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ተከተለ። በ2017 እና በ2018 ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ድንበሮች አጠገብ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ውስጥ 622አይ የተባለው ለውጥ በአማራ 9.8 በመቶ፣ በትግራይ 8.4 በመቶ፣ በጋምቤላ 1.3 በመቶ ተገኘ። ተሕዋስያኑ እርስ በርስ በቅርብ የሚዛመዱ ስለነበሩ አንድ የተሳካለት ዝርያ እየተስፋፋ መሆኑ ታየ። በሰሜኑ ያለው ወቅታዊና አነስተኛ መተላለፍ ለዚህ አመቺ ነው። አንድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያዘው በአንድ ዝርያ ብቻ ስለሆነ በትንኟ ሆድ ውስጥ ከሌላ ጋር ተዳቅሎ ለውጡ አይበተንም፤ ለውጡን የያዘውም በጠንካራ ተወዳዳሪዎች አይዋጥም።

እነዚያው ናሙናዎች ሌላም ነገር ገልጠዋል። ፈጣኑ መመርመሪያ ፋልሲፓረምን የሚለየው ኤችአርፒ2 በተባለ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን ያጣ ተሕዋስ በምርመራው ላይ አይታይም፤ ሕመምተኛው «ወባ የለብህም» ተብሎ ሳይታከም ይመለሳል፣ ተሕዋሱም መተላለፉን ይቀጥላል። በ12,572 ሰዎች ላይ የተመሠረተውና በ2021 የታተመው ጥናት ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶው በዚህ ምክንያት ሳይታወቁ ሊቀሩ እንደሚችሉ አሰላ። ይህ መመርመሪያውም እንደ መድኃኒት ተሕዋሱን ሊመርጥ እንደሚችል አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን 5 በመቶ ስለሆነ ኢትዮጵያ በኤችአርፒ2 ብቻ የማይመሠረቱ መመርመሪያዎችን ወደ ማስገባት ዞረች።

ሁለቱ ባሕርያት ከአዲስ ትንኝ ጋር የተገናኙት በድሬዳዋ ነው። አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ ትንኝ በኢትዮጵያ በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘች። ይህች ትንኝ በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ትራባለች፤ ስለዚህ በደረቅ ወቅትና በከተማ መሐልም ወባ ታስተላልፋለች። በ2022 መጀመሪያ በድሬዳዋ የወባ ሕሙማን ቁጥር በ2019 ከነበረው ከአሥር እጥፍ በላይ ሲያሻቅብ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአርማወር ሃንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ወረርሽኙን ከዚህች ትንኝ ጋር አያያዙት። ከሕሙማኑ በተወሰደው ተሕዋስ ውስጥ 622አይም የኤችአርፒ2 ጂን መጥፋትም ተገኙ።

ከ2020 በኋላ

ከ2020 ወዲህ በሰሜን በተደረገው ጦርነትና በሌሎች ግጭቶች ጤና ጣቢያዎች ተዘጉ፣ ርጭትና የአጎበር ዕደላ ተስተጓጎለ፣ ብዙ ሕዝብም ተፈናቀለ። በ2023 4.1 ሚሊዮን የወባ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ብቻ ቁጥሩ ከ7.3 ሚሊዮን አልፎ የሟቾቹም 1,157 ደረሰ። ይህን ጭማሪ መድኃኒት የተላመደ ተሕዋስ ብቻውን አላመጣውም፤ ግጭቱ፣ የአየር ጠባዩ፣ አዲሷ ትንኝና ትንኞች ፀረ ተባይ ኬሚካል መላመዳቸው ድርሻ አላቸው። ነገር ግን በሽታው በተስፋፋ ቁጥር ኮአርተም የሚወስደው ሰው ይበዛል፣ ተሕዋሱ የሚመረጥበት ዕድልም ይሰፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ዘገባው ኤርትራን፣ ሩዋንዳን፣ ኡጋንዳንና ታንዛኒያን በአርቴሚሲኒን ላይ ከፊል መላመድ የተረጋገጠባቸው ሲላቸው ኢትዮጵያን ከሚጠረጠሩት ጋር መደባት።

እስካሁን የተወሰዱት እርምጃዎች ከቀደሙት ሁለት ውድቀቶች የተገኘውን ትምህርት ይከተላሉ። ከኮአርተም ጋር አንድ ጊዜ የሚሰጥ አነስተኛ መጠን ያለው ፕሪማኪን ወደ ትንኝ የሚተላለፈውን የፋልሲፓረም ዓይነት ይገድላል፤ ስለዚህ ከሕክምና የተረፈ ተሕዋስ ወደ ሌላ ሰው እንዳያልፍ ያግዳል። ለቫይቫክስ የሚሰጠው የ14 ቀን ፕሪማኪን ደግሞ ጉበት ውስጥ ያደባውን ያጠፋል። በቢሾፍቱና በባቱ ተካሂዶ በ2017 የታተመ ጥናት ይህ ሕክምና ማገርሸትን በጉልህ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ማገርሸት ሲቀንስ የሚወሰደው ክሎሮኪንም ይቀንሳል። በ2022 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ስልት አገሮች በአንድ ጥምር መድኃኒት ላይ ብቻ እንዳይመሠረቱ ይመክራል። አርቴሚሲኒን የሌለበትና ጋናፕላሳይድን ከሉሜፋንትሪን ጋር ያጣመረ አዲስ መድኃኒት በ12 የአፍሪካ አገሮች ተፈትኖ በ2025 መልካም ውጤት አሳይቷል። ይሁንና እሱም የሚደገፈው በሉሜፋንትሪን ነው።

ስለዚህ ዋናው ጥበቃ በሉሜፋንትሪን ላይ ሆኗል። በእስያ የአርቴሚሲኒን መድከም ወደ ሙሉ የሕክምና ውድቀት የተሸጋገረው ተጣማሪው መድኃኒት ፒፐራኪንም ሲከሽፍ ነበር። ይህ በኢትዮጵያ እንዳይደገም በተመረጡ ጤና ተቋማት ታካሚዎችን ለ28 ቀናት እየተከታተሉ ደማቸውን መመርመርና የተሕዋሱን ጂኖች ማንበብ መደበኛ ሥራ ሆኖ ቀጥሏል። የማይድኑት 10 በመቶ ከደረሱ መድኃኒቱ መለወጥ እንዳለበት መመሪያው ይደነግጋል። በክሎሮኪን ጊዜ ይህን ወሰን ተሕዋሱ ያለፈው ከውሳኔው ብዙ ዓመት ቀድሞ ነበር፤ በፋንሲዳር ጊዜም እንዲሁ።